የአዛዥ የቁም ተዝካር

አዛዥ ጥሩነህ ማረፋቸውን የሰማሁት ለፈተና በምዘጋጅበት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ልጆቼን አሳድጌ፣ ጠጉሬም መሸበት ከጀመረ በኋላ፣ አዲስ አበባ ከአንድ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ገብቼ ነበር። ጎረቤቶቼ «በስተርጅና ምን ነካት?» እያሉ ሲያሙኝ እሰማለሁ፤ እኔም ሰምቼ እንዳልሰማ እሆናለሁ። ፈተናው የኦፕሬሽንስ ማኔጅመንት ነው፤ በእኛ አፍ ሥራን አሰናስሎ የማስኬድ ትምህርት ቢባል ይቀርባል። ከጎጃም የመጣ ዘመዳችን አንኳኩቶ ገባና ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። ይህ ሰው ቤቴ ሲመጣ ሰላምታውን ሳይጨርስ ወንበር የሚስብ ነው። ስለዚህ ቆሞ ሳየው ገባኝ።

«ማን ነው?» አልሁት።

«አዛዥ» አለኝ።

አዛዥ የሚባል ሰው ሞልቷል፤ እኔ ግን የትኛው ብዬ አልጠየቅሁም። መጽሐፌን ከድኜ አለቀስሁ። ካለቀስሁ በኋላ ደግሞ ሳቅሁ፤ ዘመዳችን ጤናዬን ተጠራጥሮ ያየኝ ጀመር። ያሳቀኝ የከደንሁት መጽሐፍ ነው። ውስጡ ካለው ነገር ግማሹን ከብዙ ዓመት በፊት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸውና።

ይህን መጀመሪያ ያወቅሁት ክፍል ውስጥ ነው። መምህራችን ከውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ በሐሩርም ክራቫቱን የማያላላ ወጣት ነበር። አንድ ቀን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሣጥኖች ደርድሮ በቀስት አያያዛቸውና፣ «የአንድ ሥራ ፍጥነት የሚለካው በፈጣኑ ክፍል አይደለም፤ በዘገምተኛው ነው። ሌላውን ብታፋጥኑት ትርፉ ክምር ብቻ ነው» አለ። ሳቄ አመለጠኝ።

«ወይዘሮ ጥሩዬ፣ የሚያስቅ ነገር ተናገርሁ?»

«የለም፣ መምህር። ይህንኑ ነገር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያስተማሩኝ ሰው ትዝ ብለውኝ ነው።»

ጠመኔውን አስቀመጠና «ይንገሩና» አለኝ። ነገርሁት። ደወሉ ተደውሎም ማንም አልተነሣም። እዚህ ደግሞ የሚያስቸኩለኝ ደወል ስለሌለ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

አዛዥ ጥሩነህ የደብረ ኤልያስ ሰው ናቸው። ጠላት ከመግባቱ በፊት ደብረ ማርቆስ ከአንድ ትልቅ መኮንን ቤት የግብር አዛዥ ነበሩ። ግብር ሲበላ ምን ያህል ሠንጋ እንደሚታረድ፣ ጠጁ ከየትኛው ጋን እንደሚቀዳ፣ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚቀመጥ የሚወስኑት እሳቸው ነበሩ። ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ሲይዝ መኮንኑ ተሰደደ፤ እሳቸውም ጭራቸውንና ዱካቸውን፣ ያችን በርጩማ፣ ይዘው ወደ እኛ መንደር መጡ። መንደራችን ከከተማው ወደ ጮቄ ተራራ በሚያወጣው መንገድ ላይ ነው። ረዥም፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። ኩታቸው ምንጊዜም ነጭ ነው፤ ጭቃ የሆነ ቀን ከቤት አይወጡም ነበር። ትሕትና የሚባል ነገር ደጃፋቸውን ረግጦ አያውቅም። ሠርግ ያለበት ቤት ሳይጠሩ ይገቡና በጭራቸው እየጠቆሙ «ይህን ጋን እዚህ ማን አስቀመጠው? በሩን ዘጋችሁት እኮ» ይላሉ። ባለቤቱ ይናደዳል፤ ጋኑ ግን ይነሣል። ከተነሣ በኋላም ሥራው እንዴት እንደቀለለ ሁሉም ያየዋል፤ አመሰግናለሁ የሚላቸው ግን የለም። እሳቸውም ቢሆኑ ለማንም «ደግ ሠራህ» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

የሚያስቀው ደግሞ አገር የሚያበሉት ሰው ለራሳቸው ሽሮ ማማሰል አይችሉም። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ደረቅ ዳቦ እየቆረጠሙ ነው የሚያድሩት። ጎረቤታቸው እታገኝ፣ አጥንተ ሰፊ፣ ምላሰ ስል የሆነች ባልቴት፣ አዝናላቸው ወጥ ስትልክላቸው ጨው በዛበት ብለው ይመልሱላታል። እሷም «ይራብዎት እንጂ» ትልና በማግሥቱ ደግማ ትልካለች።

ጀግና አልነበሩም፤ ነኝ ብለውም አያውቁም። ከሩቅ ተኩስ ሲሰማ ኩታቸው ቆሸሸ ሳይሉ ከአጥር ሥር ይለጠፋሉ። ከዚያ አቧራውን እያራገፉ «እኔ ጥይት እፈራለሁ። የሚተኩሰው ሰው እንዳይርበው ማድረግ ግን እችላለሁ» ይሉ ነበር። ብዙ ሰው ይህን ለፍርሃታቸው ማሳበቢያ አድርጎ ነው የሚሰማው። እኔም አንዷ ነበርሁ።

ባሌ አያሌው ጠላት እንደገባ ዱር ገብቶ፣ ከጓደኞቹ ጋር ጮቄ ላይ አንድ አምባ ይዞ ነበር። ጣሊያን አምባውን ተዋግቶ ማስለቀቅ ሲያቅተው በረሃብ ሊያስለቅቅ ተነሣ። የላይኞቹን መንደሮች ክምር አቃጠለ። ከመንደራችን በታች ደግሞ ምሽግ ሠራና ለአርበኛ ስንቅ ያዘጋጀ ቤቱ ይቃጠላል ብሎ አወጀ። ግንቦት ላይ አያሌው በአንዲት እንጨት ለቃሚ አፍ ላከብኝ። ክረምት ሳይገባ ስንቅ ካልደረሰን ወንዙ ይሞላል፣ ከሞላ የሚሻገርልን የለም፣ ያኔ ወይ እጃችንን እንሰጣለን ወይ እዚሁ እናልቃለን አለ። እጅ የሰጠ ምን እንደሚሆን ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ ሰዎች ሲሰቀሉ ያየ ሁሉ ያውቃል። ባሌን እወደው ነበር። ሌላ መናገሪያ የለኝም።

ለማን እንደምነግር ጨንቆኝ እያለቀስሁ አዛዥ ደጅ ሄድሁ። አባቴ የሚያህሉ ሰው ያጽናኑኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን «ልቅሶውን ለኋላ አቆዪውና ንገሪኝ፤ ከዚህ እስከ አምባው ድረስ በመንገዱ ላይ የትኞቹ መንደሮች አሉ?» አሉኝ። እየተናደድሁ ነገርኋቸው። መንደሮቹን በጭራቸው አንድ በአንድ ቆጠሩ።

«እኔ ልሞት ነው» አሉ በመጨረሻ።

«ምነው፣ አሞዎታል እንዴ?»

«አላመመኝም። የቁም ተዝካሬን አወጣለሁ።»

የቁም ተዝካር ለማታውቁ፣ ልጅ የሌለው ሰው ስሞት የሚያስብልኝ የለም ብሎ በሕይወቱ ሳለ የራሱን ተዝካር ይደግሳል። አንዴ ካወጣ በቃው፤ ሲሞት ሌላ አይጠበቅለትም። አዛዥም ልጅ አልነበራቸውምና ነገሩ ለሰሚው እንግዳ አልነበረም። ተዝካር ደግሞ ጠላ ይፈልጋል፤ ጠላ አሻሮ ይፈልጋል። አሻሮ ማለት ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ ነው። የዘማች ስንቅ የሆነው በሶም ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ ነው። ልዩነታቸው አንድ ብቻ ነው፤ የበሶው ገብስ ከመቆላቱ በፊት ሙቀጫ ውስጥ ይፈተጋል፣ ገለባው እስኪለቅ ድረስ በዘነዘና ይወቀጣል። ጠላው ቅጥነቱን ይቻለው፣ ገብሱ በሶ ይሁን፤ ሐሳባቸው ይህ ነበር። የአገር ሽማግሌዎች ለጣሊያኑ ሹም አመለከቱ፤ ሹሙም አንድ ሽማግሌ ገና ሳይሞት ተዝካሩን ይደግሳል ሲባል ስቆ ፈቀደ።

በመጀመሪያ ያዘዙኝ ዕቃ እንድዋስ ነው። እታገኝ «የእኔን እንስራዎች ውሰዱ፤ አዲሶች ናቸው» ብትላቸው «ያንቺ ቅርብ ነው» አሏት። እኔን ወደ ላይ ላኩኝ፤ ወደ ቀጣዩ መንደር፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው፣ እስከ መጨረሻው ድረስ። አፉ የተሸረፈ፣ ጎኑ በሰም የተደፈነ እንስራ በየመንደሩ ሴቶች ጀርባ እየታዘለ ወረደ። ቅርብ ያለውን ዕቃ ትቶ ተራራ ለተራራ የሚዋስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰዉ «አዛዥ ጃጅተዋል» አለ፤ እኔም ሳላምን አልቀረሁም።

ሥራው የተጀመረ ዕለት ግቢያቸው ገበያ መሰለ። ሁላችንም ከባዱ ሥራ መፍጨት ነው ብለን ጠንካራ ጠንካራዎቹን በየቤታቸው ወፍጮ ላይ አስቀመጥን፤ ከመንደሩ የተሰበሰቡትን ጥቂት ሙቀጫዎች ለደካሞቹና ለልጃገረዶቹ ተውናቸው። ረፋዱ ላይ ያልተፈተገ ገብስ ከሙቀጫዎቹ ጎን ተቆልሏል። የሚቆሉት ምጣድ አግለው፣ እንጨት ጨርሰው፣ የሚቆላ ይጠብቃሉ። ወፍጮ ላይ የተቀመጡት ደግሞ የሚፈጭ አጥተው ወሬ ይፈጫሉ። ደመናው ከጮቄ በላይ መሰብሰብ ጀምሯል። አዛዥ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ያያሉ።

ትዕግሥቴ አለቀ። ጠጋ ብዬ «ባሌ በረሃብ ሊያልቅ ነው፣ እርስዎ ፀሐይ ይሞቃሉ» አልኋቸው።

አልተቆጡኝም። «ሰዎቹን አትዪ፣ ገብሱን እዪ» አሉኝ። «የት ጋ ነው የተቆለለው?»

«ሙቀጫው ጋ።»

«እንግዲያ በሩ እሱ ነው። ከብቱ ምን ቢበዛ ወደ በረት የሚገባው በበሩ ልክ ነው። እናንተ ከበሩ ወዲህና ወዲያ ሆናችሁ ትንጫጫላችሁ።»

«ታዲያ በሩን እናስፋው፤ ሌላ ሙቀጫ እናስፈልፍል።»

«ግንድ ተቆርጦ፣ ደርቆ፣ ተፈልፍሎ? ክረምቱ ይጠብቅሻል? በሩን ማስፋት ካልቻልሽ በሩን ሥራ አታስፈቺው።»

ከዚያ ተነሡ። ጠንካሮቹን ከወፍጮ አስነሥተው ሙቀጫ ላይ አቆሟቸው። እታገኝ ይህ ንቀት መሰላት። «እኔን በዚህ ዕድሜዬ እንደ ልጃገረድ ሙቀጫ ላይ?» አለች። አዛዥ ጎንበስ ብለው በጆሮዋ ተናገሯት። ምን እንዳሏት የነገረችኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ «ዘነዘናሽ ከቆመ አምባው ይፈታል» ነው ያሏት። ነጠላዋን አደግድጋ ዘነዘናውን ያዘች። አንዷ ሲደክማት ሌላዋ ዘነዘናውን አየር ላይ ትቀበላታለች እንጂ ሙቀጫው አያርፍም። ደካሞቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው ገብሱን ይለቅማሉ፤ ጠጠርና ገለባ ሙቀጫ ውስጥ ገብቶ ጊዜ እንዳይበላ ነው። ምጣድ የሚጣደው ፍትጉ ሲደርስ ብቻ ሆነ። እጇ ባዶ የሆነች ሴት ሥራ ለመምሰል ወዲያ ወዲህ ስትል ካዩ «ተቀመጪ፣ እህል ቅመሽ» ይላሉ። «ሰው ቢቀመጥ ግድ የለኝም። ሥራው አይቀመጥ።» በዘነዘናው ምት ይለቀማል፣ በምቱ ይቆላል፣ ተቆልቶ ወደየቤቱ ወፍጮ በቁና ይሄዳል። ክምሩ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ቀለጠ። የዚያን ዕለት ደስታዬ ዛሬም ውስጤ አለ።

ሴቶቹ ምን እንደሚሠሩ አላወቁም ማለት ሞኝነት ነው። የተፈተገ ገብስ ወፍጮዋ ላይ ሲመጣ በሶ መሆኑን የማታውቅ የጎጃም ሴት የለችም። ያወቀች ሁሉ አወቀችና ዝም አለች።

ለጣሊያን ያደረው ባሻ ግን ዝም የሚል ሰው አልነበረም። የደምበጫ ሰው ነው፤ የአካባቢው ባንዳ አለቃ። አንድ ጠዋት ከነተከታዮቹ ግቢ ገባና ሰላምታ ሳይሰጥ በቀጥታ ወደ ሙቀጫው ሄደ። እፍኝ ዘግኖ በመዳፉ ላይ አገላበጠው።

«አዛዥ፣ ተዝካርዎ ነው አሉ።»

«አዎን፣ ባሻ።»

«ይህ ሁሉ ለጠላ ነዋ?»

«ተዝካር ያለ ጠላ አይሆን።»

«እናቴ ጠላ ጠማቂ ነበረች» አለ ባሻ። «እድሜ ልኳን ስትጠምቅ አይቻለሁ። አሻሮ ሲፈተግ ግን አላየሁም።»

ዘነዘናዎቹ ቆሙ። ጣሊያንን ያሞኘነው ያህል የአገራችንን ሰው ማሞኘት እንደማንችል እንዴት ሳናስበው ቀረን? አዛዥ ግን ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ሴቶቹ ነው።

«ማን አቁሙ አላችሁ? ሰው በመጣ ቁጥር ሥራ የሚቆም ከሆነ መቼ ልንጨርስ ነው?» ዘነዘናው እንደገና ጀመረ። ከዚያ ረጋ ብለው ወደ ባሻ ዞሩ። «ባሻ፣ ከእናትዎ ቤት ተማሪ አይመጣም ነበር? እኔ የደብረ ኤልያስ ልጅ ነኝ። አዛዥ ጥሩነህ ተዝካር አወጣ ሲባል የዚያ አገር የቅኔ ተማሪ አንድ አይቀርም። በምን ልሸኛቸው፣ በገለባ? ይህ የተማሪ ቆሎ ነው። አሻሮውን ከፈለጉ በየቤቱ እየተፈጨ ነው፤ ይሂዱና ይስሙት።»

ባሻ አዳመጠ። እውነትም የወፍጮው ድምፅ ከየቤቱ ይሰማል። ግቢው ውስጥ የሚፈተግና የሚቆላ አለ፣ የሚፈጭ የለም፤ ያ ቆሎ ነው። በየቤቱ የሚፈጭ አለ፣ ሙቀጫ የለም፤ ያ አሻሮ ነው። አዛዥ ሥራውን የከፋፈሉት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሁለቱን አጋጥሞ ማየት የሚችልበት አንድም ቦታ አልነበረም።

«ብዙ ነው ግን» አለ ባሻ፣ ድምፁ ለስልሶ።

«ልጅ የለኝም፣ ባሻ። በሰማይ የሚቆምልኝ የእነሱ ጸሎት ብቻ ነው።» ይህን ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ እውነት እንደነበርም አውቃለሁ። ባሻ እፍኙን ወደ ሙቀጫው መለሰው። ሊወጣ ሲል አዛዥ ጠሩትና፣ «አንድ ነገር ላስቸግርዎ። የተዋስሁት ዕቃ ከላይኞቹ መንደሮች ነው። ስመልሰው ያ ተራራ ላይ ያለ ሽፍታ ይሰብርብኛል ብዬ እፈራለሁ። አጃቢ ቢሰጡኝ» አሉት።

እኔ አበዱ አልሁ። ባሻ ግን መከበሩ ደስ ብሎት እሰጣለሁ አለ።

ተዝካሩ ደረሰ፤ አዛዥም ተዋረዱ። ሌላ ቃል የለውም። የዚያ ሁሉ ግብር አዛዥ ተዝካር ላይ የቀረበው ንፍሮና ውሃ የመሰለ ቅራሪ ነበር። ተማሪዎቹ ከደብረ ኤልያስ ያን ሁሉ መንገድ መጥተው፣ ባሻ ከሄደ በኋላ እፍኝ እፍኝ ቆሎ ይዘው ተመለሱ። እንግዳው ዋንጫውን እያየ ይተያያል፤ አንዱ ቀልደኛ «አዛዥ፣ ይህ ጠላ እንደርስዎ ገና በቁሙ ነው፤ አልፈላም» ሲል ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። ባሻም ከክብር ቦታው ሆኖ ሳቀ። አዛዥ ነጭ ኩታቸውን አስተካክለው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ በየመደቡ እየዞሩ «ጠጡልኝ» ይላሉ። ለእኚህ ሰው ከሞት የሚከፋው ይህ እንደሆነ ከእኔና ከእታገኝ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

በማግሥቱ ዕቃ ልንመልስ ተነሣን። እንስራዎቹ ሁሉ በሶ ሞልተው፣ አፋቸው በቅጠል ተወትፎ፣ በየሴቱ ጀርባ ታዘለ። ከፊታችንና ከኋላችን የባሻ ወታደሮች ጠመንጃ ይዘው ያጅቡናል። ወንዙ ጋ ስንደርስ ከኋላዬ ያለው ጎልማሳ ወታደር «እቴ፣ ባዶ እንስራ እንዲህ ያጎብጣል?» አለኝ።

ዞሬ «የተውሶ ዕቃ ባዶውን ይመለሳል እንዴ? እናትህ እንዲህ ነው ያስተማረችህ?» አልሁት። ፊቱ ቀላ። በእኛ አገር በተውሶ ዕቃ ውስጥ ጥቂት ነገር ሳያኖሩ መመለስ ነውር መሆኑን ያውቃላ። ጥቂት ነው ብሎ ይሁን፣ ወይ ገብቶት ይሁን፣ እጄን ይዞ ወንዙን አሻገረኝ። በየመንደሩ ጥቂት ጥቂት እንስራ ከባለቤቱ ደጅ እያወረድን ወጣን፤ መንገዱን ሙሉ ስንቅ ዘርተን ሄድን ማለት ነው። የመጨረሻው መንደር ጋ ወታደሮቹ ወደ አምባው ቀና ብለው አዩና ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ የእነሱ አገር አልነበረም።

አመሻሹ ላይ ከአምባው ሰዎች ወረዱ። አያሌው አጥንቱ ቆሞ ነበር የሚሄደው። አቀፈኝ፤ ከዚያ ቅጠሉን ነቅሎ በሶውን በደረቁ ዘግኖ ጎረሰና ትን አለው። እያሳለ ይስቃል፣ እኔ ጀርባውን እየመታሁ አለቅሳለሁ። ያች ሰዓት ከሠርጌ ቀን ትበልጥብኛለች። በዚያው ሰሞን ዝናቡ ወረደ፣ ወንዙም ሞላ። ክረምቱን ሙሉ አምባው አልተፈታም። መስከረም ሲጠባ ከላይ የወረዱት እጃቸውን ሊሰጡ ሳይሆን ምሽጉን ሊይዙ ነው፤ ያዙትም። ባሻ በሌሊት ልብሱ ወደ ደምበጫ ሲሮጥ አየነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አላየሁም፣ ብቻ ደስ ይለኛል።

አገር ነጻ ሲወጣ ማዕረጉና ርስቱ ሲታደል አዛዥ ስማቸውን አላስመዘገቡም። ለምን ስላቸው «የተኮስሁት ጥይት የለም» አሉኝ። ቅር ያላቸው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ በየጊዜው እየተነሣ የሚያበሳጫቸው። «ያ ጠላ ግን ቀጠነ» ይላሉ።

ያን ቀን ክፍል ውስጥ ይህን ነግሬ ስጨርስ መምህሩ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። «ከሩቅ መንደር የተዋሱት ባዶ የሚመለሰውን ጉዞ ጭነት ለማሸከም ነው» አለ እንደ ልጅ ደስ ብሎት፣ «ይህ የሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት ነው።» ከዚያ በኋላ ሰሌዳው ላይ ጠባቡን ሣጥን ሲስል ሁልጊዜ «በሩ» ብሎ ይጽፍበታል። ፈተናውንም አለፍሁ።

ለአዛዥ አርባ ከአያሌው ጋር አገር ቤት ሄድሁ። ካህናቱ «የቁም ተዝካራቸው ወጥቷል፤ ሌላ አያስፈልግም» ብለው ነበር። እታገኝ በምርኩዝ ቆማ «ያንን ተዝካር ማን በላው?» አለቻቸው። «አምባው ነው የበላው። እኛ የጠጣነው ቅራሪ ነው። የእሳቸው ተዝካር ገና ዛሬ ነው።» መንደሩ ሁሉ ገብስና ጌሾ አዋጣ፤ አዛዥነቱንም ለእኔ ሰጡኝ።

ዱካቸው እታገኝ ቤት ተቀምጦ ነበር። ከአዛዥ ግቢ መካከል አኖርሁትና ተቀመጥሁበት። ረፋዱን ሙሉ ዝም ብዬ አየሁ። አንዲት ወጣት ለጓደኛዋ «ከአዲስ አበባ የመጣችው እሜቴ ፀሐይ ትሞቃለች» ስትል ሰማሁ፤ ሆዴ ሳቀ። ሙቀጫው ጋ ክምር የለም፣ ምጣዱ ጋ የለም። የተቆለለው ጠላው ነው። ጋኖቹ ሁሉ ሞልተው ፈልተዋል፣ የሚገለበጥበት እንስራ ግን አልቋል። በሩ ዕቃ ነው። ወደ ላይኞቹ መንደሮች ሰው ልኬ እንድንዋስ አፌን ልከፍት ስል አያሌው ትከሻዬን ነካኝ።

«ቀና በይ» አለኝ።

ከጮቄ በኩል ባለው ጠመዝማዛ መንገድ ሰው ይወርዳል። ፊተኛው ወንዙን ተሻግሯል፣ ኋለኛው ገና ከኮረብታው አልወረደም። ሁሉም እንስራ አዝሏል። ከፊት ያለው ሽበታም ከአያሌው ጋር ያን ክረምት አምባው ላይ የከረመ ነው። ደጃፉ ጋ ሲደርስ እንስራውን ላወርድለት ያዝሁ፤ ከበደኝ።

«ምን አለበት?»

«ጠጅ ነው። የኋለኞቹ ማር ይዘዋል፣ ጠላ ይዘዋል፣ በሶም አለ» አለኝና ሳቀ። «ያን ጊዜ ዕቃችን ሞልቶ ነው የተመለሰልን። እኛ ታዲያ ባዶውን ይዘን እንምጣ?»

እንባዬን ሳልጠርግ ዞር ስል ሰዉ በደጃፉ ተጨናንቋል። የገባው መውጣት፣ የመጣው መግባት አቃተው፤ እንስራው መንገዱ ላይ መደርደር ጀመረ። አዛዥ ቢኖሩ ኖሮ ዱካቸው ላይ አይቀመጡም ነበር። ተነሣሁና ድምፄ የእሳቸውን እስኪመስል ጮኽሁ።

«ይህን እንስራ እዚህ ማን አስቀመጠው? በሩን ዘጋችሁት እኮ።»

«ታዲያ ምን እናድርግ፣ እሜቴ?» አለች ያች ወጣት። «በሩ ጠባብ ነው።»

«አጥሩን አፍርሱት» አልሁ።

አጥሩን አፈረሱት። እንስራው ሁሉ ገባ።